ቁልፉ ኮባ ላይ የሚውልበት ዓርብ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቱ የግድግዳ ሰዓት ሸለመኝ። ሰዓት! ለጡረተኛ! «ከእንግዲህ የት ልዘገይ ብላችሁ ነው?» ብዬ አዳራሹን አሳቅሁት። እውነቱን ለመናገር ግን ደስ ብሎኛል። ሶዶ ቤቴ ውስጥ፣ የዳሞታ ተራራ ከሚታይበት መስኮት አጠገብ ሰቅዬዋለሁ። ጠዋት ጠዋት አየውና «ሂድ እንግዲህ፣ ዛሬ የምታሯሩጠው ሰው የለህም» እለዋለሁ።

በዚያው ሽኝት ላይ አዲስ የተቀጠረ ልጅ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። «እትዬ አስቴር፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ውሃ ጽሕፈት ቤት ሲሠሩ ቧንቧ ይፈቱ ነበር እንዴ?» አለኝ።

«የለም የኔ ልጅ፤ እኔ ቁልፍ ነበር የማስቀምጠው» አልኩት። ደነገጠ። ዕቃ ግምጃ ቤት የምሠራ መሰለው መሰለኝ። ለእሱ በአንድ ኬክ ላይ የማይነገረውን ነገር እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ሥራዬ በወረቀት ላይ «የማኅበረሰብ ተሳትፎ ባለሙያ» ይባላል። ስሙ ረጅም ነው፤ ሥራው ግን አጭር ነው። መሐንዲሶቹ ውሃውን አውጥተው ይሄዳሉ። እነሱ ከሄዱ በኋላ ያ ውሃ እንዳይደርቅ፣ ከብት እንዳይገባበት፣ አንድ ጉልበተኛ የግሉ እንዳያደርገው የሚጠብቅ ኮሚቴ በቀበሌው ሰው ይመረጣል። እኔ ያንን ምርጫ አስመርጣለሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሼ ሄጄ እንደገና አስመርጣለሁ። እንደገና። እንደገና። የጎረቤቶቼ ልጆች «አስቴር ስትመጣ ምርጫ ይመጣል» ብለው ይቀልዱብኝ ነበር።

የተቀጠርኩት ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት እንደተቆጠሩ፣ ዞናችን ገና ሰሜን ኦሞ ይባል በነበረበት ጊዜ ነው። መጀመሪያ የተመደብኩት ኦፋ፣ ገሱባ ነው። የዛሬውን መንገድ አይታችሁ እንዳትፈርዱ! በክረምት መኪናው እኛን ሳይሆን እኛ መኪናውን ነበር የምንወስደው። ደሞዜን አታንሱብኝ፤ አበሉም ከጫማዬ ቀድሞ ያልቅ ነበር። ግን ወጣት ነበርኩ፤ ቀን ጭቃ ስረግጥ ውዬ ማታ ቦይና፣ ጎደሬ ማለቴ ነው፣ በዳጣ ካገኘሁ የዓለም ንጉሥ ነኝ።

ሥራውን ያስተማሩኝ የክፍላችን ኃላፊ ጋሽ ሳህሉ ናቸው። አባታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው ሶዶ ላይ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ሰው ነበሩ፤ እሳቸው እዚሁ ተወለዱ፤ ወላይትኛን ከኛ ከባለቤቶቹ ይልቅ ያጣፍጡታል። ቀጭን፣ ለነገር የማይቸኩሉ፣ ሲናደዱ ድምፃቸው የሚቀንስ ሰው ነበሩ። እኔ ደግሞ ስናደድ ድምፄ እስከ ገበያው የሚሰማ ነኝ። እንዴት እንደተስማማን እግዜር ይወቀው።

ጋሽ ሳህሉ በምርጫ ቀን ምሳቸውን ከኪሳቸው ነው የሚበሉት፤ ቆሎ። ሊቀመንበሩ ዶሮ አርዶ ቢለምናቸው፣ ሚስቱ ቆማ ብትማጠን፣ አይሆንም። «አስቱ፣ የሊቀመንበር ቤት ዶሮ አፍ ይይዛል» ይሉኛል። እኔ የዶሮው ሽታ እያወደኝ ቆሎ ስቆረጥም ስንቴ ረግሜያቸዋለሁ!

ሌላም ነበራቸው። ስብሰባው ረፋድ ላይ ከሆነ እሳቸው ገና ጎህ ሲቀድ ቦኖው ጋ፣ ጄሪካን ይዘው ወረፋ ውስጥ ናቸው። «ስብሰባ የሚጀመረው ወረፋ ላይ ነው» ይላሉ። ሴቶቹ በስብሰባ ላይ የማይናገሩትን እዚያ፣ ውሃው እየተንዶቀዶቀ ይናገራሉ። እሳቸው ምንም አይጠይቁም። ጄሪካን ያሸክማሉ፣ ያወርዳሉ፣ ይሰማሉ።

አመራረጡም የራሳቸው ፈጠራ ነው። ብዙው ሰው አያነብም፤ እጅ ማውጣት ደግሞ ጎረቤት ያጣላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዕጩ አንድ ቅል፣ ለእያንዳንዱ መራጭ አንድ ፍሬ በቆሎ። መራጩ እጁን በሁሉም ቅሎች ውስጥ በየተራ ያስገባል፤ በቆሎዋ ግን አንዱ ውስጥ ትቀራለች። የትኛው ውስጥ እንደቀረች የሚያውቁት እሱና ፈጣሪው ናቸው። ዕጩዎቹ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቀመጣሉ። አንድ ጊዜ አንዱ ዕጩ ዞሮ ሊያይ ሲል ጋሽ ሳህሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አንገትህ ይመለስ» አሉት። የዚያ ሰው አንገት እስከ ማታ አልተንቀሳቀሰም።

ከሁሉም በላይ ግን ቁልፉ ነው። ቦኖው ዙሪያውን ታጥሮ በቁልፍ ይዘጋል፤ ጠዋትና ማታ ይከፈታል፤ ቁልፉ ሊቀመንበሩ እጅ ነው። በምርጫው ጠዋት ጋሽ ሳህሉ አንድ ትኩስ የኮባ ቅጠል ያስቆርጡና መሬት ላይ ያነጥፉታል። ሊቀመንበሩ ተነስቶ ቁልፉን ቅጠሉ ላይ ያስቀምጣል። ምርጫው እስኪያልቅ ቁልፉ እዚያው ይውላል። ያው ሰው መልሶ ቢመረጥ እንኳ ሄዶ ከቅጠሉ ላይ ያነሳል እንጂ ኪሱ ውስጥ አያቆየውም።

«ጋሽ ሳህሉ፣ መልሰው የሚመርጡት ሰው ከሆነ ምን ያደክመናል?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ለአንድ ጠዋት ቁልፉ የማንም አይደለም» አሉኝ። «ያኔ የሁሉም መሆኑ ይታያል።»

ይህ ገባኝ። ያልገባኝ የቀኑ ነገር ነበር። ምንጩ ሲገነባ፣ የምንጩ ዓይን እስኪገኝ ወደ ኋላ ተቆፍሮ፣ ጠጠርና አሸዋ ተደልድሎ፣ በሸክላ አፈር ታፍኖ፣ መጨረሻ ላይ ሲሚንቶው ሳይደርቅ ጋሽ ሳህሉ ሚስማር ያነሱና ይጽፉበታል፤ «ምርጫ በየሁለት ዓመቱ፣ ከጊፋታ በኋላ በሁለተኛው ዓርብ»። ጊፋታ የኛ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ መስከረም ላይ ይውላል። ከዚያ ቀን አንዲት ዓርብ ወዲያ ወዲህ አይሉም። ዝናብ ቢሆን፣ ለቅሶ ቢሆን ሰዓት ይሸጋሸጋል እንጂ ዓርቡ ዓርብ ነው።

«ሰውየው ካጠፋ እኮ ቀን ሳይጠበቅም ይወርዳል። ጥሩ ከሠራ ደግሞ ለምን ይነካል? ይሄ ሁሉ የቀን ነገር ለምንድን ነው?» አልኳቸው።

ሚስማሩን ጠርገው ኪሳቸው ከተቱ። «ላጠፋ ሰውማ ቀን አያስፈልገውም፤ ፖሊስ አለ፣ ሽማግሌ አለ። ቀኑ ላላጠፋ ሰው ነው» አሉኝ።

ምን ማለታቸው ነው? ብዬ ተውኩት። እኔ ደግሞ ያልገባኝን ነገር ቶሎ መተው እወዳለሁ።

አሁን ወደ ጋሽ ዳና ልምጣ።

ከገሱባ ቁልቁል ሲወረድ፣ አንድ ትልቅ ዋንዛ ሥር የሚፈልቅ ምንጭ አለ። ምንጩ የሚወጣው ከጋሽ ዳና ማሳ ጫፍ ነው። መሬቱን ያለ አንዳች ክርክር ሰጡ። ቁፋሮው ላይ ከወጣቶቹ ቀድመው ጉድጓድ ውስጥ የሚገቡት እሳቸው ነበሩ። ሰፊ ትከሻ፣ ትልቅ ሳቅ፣ በቤተ ክርስቲያን ሲዘምሩ ከመዘምራኑ በላይ የሚሰሙ ሰው። የመጀመሪያው ምርጫ ላይ በቆሎው ሁሉ ወደ እሳቸው ቅል ገባ። ቦኖውን ጠዋት ዶሮ ሳይጮህ ይከፍታሉ፤ የፈሰሰች ጠብታ አያልፉም። ከሁለት ዓመት በኋላ ጋሽ ሳህሉ ኮባውን አነጠፉ፤ ጋሽ ዳና ቁልፉን አስቀመጡ፤ ተመረጡ፤ አነሱ። ሁሉም ሳቀ።

በሦስተኛው ዙር ጋሽ ሳህሉ ጡረታ ወጥተዋል። ብቻዬን ሄድኩ። ዱቡሻው ላይ፣ ማለትም ቀበሌው በሚሰበሰብበት ሜዳ፣ ዋንዛው ሥር ኮባዬን አነጠፍኩ። ቆሎዬም ኪሴ ውስጥ አለ። «ጋሽ ዳና፣ ቁልፉን» አልኩ።

አቶ ባሳ የሚባሉ፣ በአካባቢው የተከበሩ ሽማግሌ ብድግ አሉ። «ቆይ፣ ቆይ! ጋሽ ዳና ምን አጠፉና ነው ቁልፉን የምታስጥያቸው?»

«ምንም አላጠፉም። ቀኑ ስለሆነ ነው።»

«ቀኑ! ቀን ሰው ያዋርዳል እንዴ? መሬቱን የሰጠ ሰው፣ በገዛ እጁ የቆፈረ ሰው፣ በሕዝብ ፊት ‹አስቀምጥ› ይባላል? ይሄ በኛ ዎጋ ነውር ነው!»

ዎጋ ማለት ወግ፣ ሥርዓት ነው። በዚህ ቃል የመጣ ነገር በወላይታ ቀላል አይደለም። ሰዉ አጨበጨበ። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ እንደ ልማዴ ድምፄን ከፍ አደረግሁ፤ በዚህ አንገት የሚያስደፋ የለም፣ መልሳችሁ ምረጧቸው ብዬ ጮህኩ። ማን ሰምቶኝ! የሚወድ ሰው ጆሮ የለውም።

በዚህ መሐል ጋሽ ዳናን አየኋቸው። እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነበር። ቁልፉን አውጥተውታል። ወደ ኮባው አንድ እርምጃ ተራምደዋል። «ይመልሱት! ጋሽ ዳና፣ ይመልሱት!» ብሎ ሰዉ በፍቅር ጮኸባቸው። ቆም አሉ። ቁልፉን ተመለከቱት። ከዚያ ፈገግ ብለው ኪሳቸው መለሱት። ፈገግታቸው የእሺታ መስሎኝ ነበር።

ባዶውን ኮባ ጠቅልዬ ተመለስኩ። የወቅቱ አለቃዬ ከሪፖርት በቀር በዓለም ላይ ነገር ያለ የማይመስለው ሰው ነበር። «ሕዝቡ ከወደደው አንቺ ማነሽ? ‹በሕዝብ ድጋፍ ቀጥሏል› ብለሽ ጻፊ፤ እንዲያውም ያምራል» አለኝ። ተሸነፍኩ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ምንጭ ደርቆብኛል፣ ብዙ ቧንቧ ፈንድቶብኛል፤ እንደዚያ ዓርብ ያለ ሽንፈት ግን አላየሁም። ያውም በጭብጨባ!

ከዚያ ወደ ኪንዶ ዲዳዬ፣ ሃላሌ ተዛወርኩ። እዚያ አለቃዬ «አላውቅም፣ እንጠይቅ» ማለት የሚችል መልካም ሰው ነበር፤ እንዲህ ያለ አለቃ በሥራ ዘመኔ ሁሉ አንድ እሱን ብቻ ነው ያገኘሁት። ሥራው በዛ፤ የዋንዛውን ምንጭ ወሬ አጣሁ። የሚቀጥለውም የምርጫ ዓርብ እንዲሁ ማንም ሳያነሳው አለፈ፤ አንዴ ከቀረ ምን ያስታውሰዋል?

አንድ ቀን ለስብሰባ ሶዶ መጥቼ መናኸሪያው ላይ አቶ ባሳን አገኘኋቸው። ከስተዋል። ሰላምታውን እንኳ ሳንጨርስ «አስቴር፣ ጋሽ ዳና ወንዝ ነው የሚጠጡት» አሉኝ።

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። «ምን?»

«የወንዝ ውሃ። ሚስታቸው በቦኖው አጠገብ አልፋ ወንዝ ወርዳ ትቀዳለች።»

እዚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ነገሩን ሁሉ ነገሩኝ። የጋሽ ዳና ዓይን ሞራ ይዞት ኖሯል። መጀመሪያ ቁልፉን የሚያስገቡበትን ቀዳዳ በዳበሳ ይፈልጋሉ፤ ቦኖው ዘግይቶ ይከፈታል። ከዚያ የቫልቩን መዞሪያ በተቃራኒው ሲያጠብቁት ጥርሱ ተበላ፤ ውሃው ሌት ተቀን ይፈስስ ጀመር፤ ከወረፋው ኋላ ላሉት አልደርስ አለ። ሴቶቹ ፀሐይ እስክትከርር ይጠብቃሉ። ግማሾቹ ተስፋ ቆርጠው ወደ ወንዝ ተመለሱ፤ የሕፃናቱ ሆድም አብሮ ታመመ።

«ታዲያ ማንም አልተናገረም?»

«ማን ይናገር? ምን ብሎ?» አሉኝ። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል። የዚያ ቀበሌ ዝምታ ግን ነቅዟል።

መጨረሻ ላይ በሰኔ፣ ሰው ሁሉ በእርሻ በተወጠረበት ጊዜ፣ ጥቂት ሰዎች በድንገት ስብሰባ ጠሩ። እንግዲህ አስቡት፤ ምርጫ በቀኑ ሲሆን ምርጫ ነው። በሰኔ ጭቃ በድንገት የተጠራ ስብሰባ ግን ጥፋተኛ ሳያገኝ አይበተንም። አንዱ ስለ ቫልቩ አነሳ፤ ሌላው ጨመረበት፤ ከኋላ አንድ ሰው «ለራሱ ማሳ እያጠጣበት ይሆናል» አለ። ሐሰት ነው። የተናገረውም ሐሰት መሆኑን ያውቃል። ቃሉ ግን ወጥቷል። ጋሽ ዳና ተነሱ፤ ቁልፉን ጭቃው ላይ ጣሉና በዳበሳ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዚያ ምንጭ ጠብታ አልቀመሱም።

 በገዛ እጃቸው የቆፈሩትን ውሃ!

ቀጥ ብዬ ጋሽ ሳህሉ ቤት ሄድኩ። ነገርኳቸው፤ ኮታቸውን ለበሱ። እስከ ገሱባ በመኪና፣ ከዚያ በእግር ወረድን። ጋሽ ዳና ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። በድምፃችን አወቁን። ሚስታቸው በጣሳ ውሃ አመጣችልን፤ ደፍርሷል። ጋሽ ሳህሉ አመሰገኑና ጠጡት። እኔም ጠጣሁ።

«ጋሽ ዳና፣ ያን ጊዜ ዋንዛው ሥር ቁልፉን አውጥተው ነበር። አይቼዎታለሁ» አልኳቸው።

ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ። «ላስቀምጠው ነበር የመጣሁት ልጄ። ዓይኔ ጀምሮኝ ነበር። ሚስቴንም ነግሬያት ነው የወጣሁት፤ ‹ዛሬ ቀኑ ነው፣ አርፌ እመጣለሁ› ብያት።»

«ለምን ታዲያ አልተናገሩም?»

«ያ ሁሉ ሰው እየወደደኝ? ‹አልፈልግም› ብል ‹ምን አስቀየምንህ?› አይሉኝም? ከዚያ ወዲያ በየትኛው ቀን ልተወው? ዝም ብዬ ማክሰኞ ተነስቼ ‹እንካችሁ› ልበል? ‹ምን ደብቆ ነው?› ይሉኛል።» እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሹት። «ከዚያች ዓርብ ጀምሮ የሚወስድልኝ ቀን ስጠብቅ ነበር።»

ማምሻውን አቶ ባሳ ቤት ስንቀመጥ ያንኑ ነገር ከሌላው ወገን ሰማን። «እኛስ ‹ይበቃዎታል› ብንላቸው ‹ምን አጠፋሁ?› ቢሉን ምን እንመልሳለን? ምንም አላጠፉማ!» አሉ። አንዱ ይሉኝታ ከዚህ፣ ሌላው ይሉኝታ ከዚያ፤ መሐል ላይ ውሃው ፈሰሰ።

ጋሽ ሳህሉ ያኔ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ተናደዋል ማለት ነው። «አቶ ባሳ፣ በጊፋታ የተጣላ ሰው ሁሉ ይታረቃል አይደል?»

«ይታረቃል።»

«ማን ቀድሞ ይቅርታ ጠየቀ፣ ማን ተሸነፈ ይባላል?»

«እንዴት ተብሎ! ቀኑ ነው እንጂ የሚያስታርቀው።»

«አዎ። ቀን ባይኖረው ኖሮ ስንቱ እንደተኳረፈ ይሞት ነበር? የኮባዋም ዓርብ እንደዚያው ነች። ‹ውረድ› የሚል ሰው የለም፤ ‹ወረድኩ› የሚልም የለም። ቀኑ ይጠይቃል፣ ሰው ይመልሳል። እናንተ አክብሮት መስሏችሁ ቀኑን ሰረዛችሁ። ከዚያ ወዲያ ያ ሰው መውጫ በር አልነበረውም።»

አቶ ባሳ ጎንበስ ብለው ቀሩ። እኔ ደግሞ ያ የሚስማር ነገር፣ «ቀኑ ላላጠፋ ሰው ነው» ያሉኝ፣ ያኔ ገባኝ። ከስንት ዓመት በኋላ! ዘግይቶ የገባኝ ነገር ግን አይወጣም።

ጊፋታ ሲደርስ ሽማግሌዎቹ ሁሉ ጋሽ ዳና ደጅ ተሰለፉ። እኛ ጴንጤዎቹ ከበዓሉ አንዳንዱን ነገር ብንተወውም እርቁን አልተውነውም። ያን ሐሰት የተናገረውም ሰው መጥቶ እግራቸው ሥር ወደቀ። ጋሽ ዳና አነሱት፤ አብረው በሉ። ውሃ ከቦኖው ተቀድቶ ሲቀርብላቸው ግን «እሱን በዓርቡ» አሉ።

ሁለተኛው ዓርብ መጣ። ጋሽ ሳህሉ ኮባ አስቆርጠው አነጠፉ። ቁልፉ በወቅቱ በጊዜያዊነት አቶ ባሳ እጅ ነበር። ሰዉ እሳቸው የሚያስቀምጡ መስሎታል። አቶ ባሳ ግን ቅጠሉን አልፈው ሄደው ቁልፉን ጋሽ ዳና መዳፍ ውስጥ አኖሩት።

«ጋሽ ዳና፣ ይሄ ቀን የእርስዎ ነበር፤ ወስደንብዎት ነው። ዛሬ እርስዎ ያስቀምጡት» አሏቸው።

ሰዉ ሁሉ ብድግ አለ። ጋሽ ዳና ቁልፉን ይዘው ቆሙ። እኔ ክንዳቸውን ልይዝ ስል ጋሽ ሳህሉ በዓይናቸው ከለከሉኝ። ብቻቸውን ሄዱ። እግራቸው ቅጠሉን ሲነካ አጎነበሱና ቁልፉን በቀስታ አስቀመጡት። ከዚያ ቀና ብለው ትልቁን ሳቃቸውን ሳቁ! ያንን ሳቅ ብዙ ጊዜ አልሰማሁትም ነበር። እኔማ ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ፤ በሕዝብ ፊት በነጠላዬ ተናፈጥኩ፤ ምን አለበት!

ቅሎቹ ቀረቡ። በቆሎው ሲቆጠር ብርቱካን የምትባል፣ ከወረፋው መጨረሻ ብትቆምም ተስፋ ቆርጣ የማትሄድ፣ ሦስት ልጆች ያሏት ወጣት ሴት ተመረጠች። ቁልፉን ከኮባው አነሳች፣ ቦኖውን ከፈተች፣ የመጀመሪያውን ጣሳ ሞልታ ለጋሽ ዳና ሰጠች። አንድ ትንፋሽ ሳይወስዱ ጨለጡት። «ጣዕሙ አልተለወጠም» አሉ። በኋላም ልጆቻቸው ዱቦ ሆስፒታል ወስደው አሳክመዋቸው አንዱ ዓይናቸው መለስ አለላቸው።

በየአምስት ዓመቱ የሚመጣውን ትልቁን ምርጫም አውቀዋለሁ። የመንግሥት ሠራተኛ አይደለሁ? ጣቢያ ተቀምጬ የሰው ጣት ቀለም ስቀባ ውያለሁ። ቀኑ አይዛነፍም፤ ሰዉ ከሌሊት ጀምሮ ይሰለፋል፤ ውጤቱን ግን ከወረፋው በፊት ሁሉም ያውቀው ነበር። ቁልፉ ኮባ ላይ ሲውል አላየሁም። ስለዚያ ከእኔ የተሻለ የሚጽፍ ይጻፍ። እኔ የማውቀው የሁለት ቅልና የአንድ ፍሬ በቆሎ ምርጫ ነው፤ ያ ደግሞ በብዙ ቀበሌ፣ በብዙ ዓርብ፣ ሲሠራ አይቻለሁ። ጋሽ ሳህሉን ቀብረናቸዋል። ቀብራቸው ላይ ስንቱ የውሃ ኮሚቴ ከስንት ወረዳ መጣ! እሳቸው ቢያዩ «ዛሬ ቦኖውን ማን ከፈተ?» ይሉ ነበር።

ለጡረታዬ ጥቂት ሲቀረኝ ለመጨረሻው የመስክ ሥራሽ የት ትሄጃለሽ ስባል ሳላስብ መለስኩ። የዋንዛው ምንጭ፣ ሁለተኛው ዓርብ። ሲሚንቶው ላይ ያለውን ጽሑፍ ሸፍኖት የነበረውን የድንጋይ ሽበት አንድ ሰው ጠርጎታል። ብርቱካን ቫልቩን አስለውጣለች፣ ከታች የከብት ገንዳ አሠርታለች፣ ወረፋው ከፀሐይ በፊት ያልቃል። ከዚህ በፊት መልሰው መርጠዋታል።

ኮባዬን አነጠፍኩ። «ብርቱካን፣ ቁልፉን» አልኩ።

ከመሐል አንድ ጎልማሳ ተነሳ። «እትዬ አስቴር፣ ዛሬስ ይቅር። እንደሷ ያለ ከየት እናመጣለን? እግዜር የሰጠንን ሰው መልሰን በቆሎ እንቁጠርባት? ነውር አይሆንም?»

ጭብጨባው ጀመረ። እልልታውም ተከተለ። ብርቱካንን አየኋት፤ እጇ ኪሷ ውስጥ ነው፤ አንድ እርምጃ ወደ ኮባው መጥታ ቆማለች። ሰዉን ታያለች፣ ቁልፉን ትጨብጣለች። አፌን ልከፍት ነበር፤ ድምፄም ተዘጋጅቷል።

ከዋንዛው ሥር አንድ ከዘራ መሬቱን መታ። ጋሽ ዳና ተነሱ። አርጅተዋል፤ ትከሻቸው ግን ያው ነው። ጭብጨባው እሳቸውን ሲያይ ቀስ በቀስ ቆመ።

«ልጆቼ» አሉ፤ «እኔን የወደዳችሁኝን ያህል አትውደዷት። ምረጧት።»

 ብርቱካን ቁልፉን አወጣችና ኮባው ላይ አስቀመጠችው።